ያገለገለ የቤት መኪና ባሕር ዳር ላይ ሲገዙ፦ ከሊብሬው እስከ ዓባይ በረሃ

ባሕር ዳር ሜዳ ነች፤ ሜዳ ደግሞ የመኪናን በሽታ ይሸሽጋል። ራዲያተሩ ግማሹ የተደፈነ፣ የፍሬን ዘይቱ ዓመታት ያስቆጠረ፣ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) ያለቀ መኪና ከቀበሌ 14 ዓባይ ማዶ እየተመላለሰ ሦስትና አራት ዓመት ያለ ችግር ሊኖር ይችላል። ጉዱ የሚወጣው ቤተሰቡ ለፋሲካ ወይም ለሠርግ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ የተነሣ ቀን ነው። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። ቁልቁለቱ ፍሬንን ይፈትናል፣ ዳገቱ ማቀዝቀዣውን።

ስለዚህ የምትገዙትን መኪና «ከተማ ውስጥ ጥሩ ይሄዳል ወይ?» ብላችሁ ሳይሆን «በረሃውን ወርዶ ይወጣል ወይ?» ብላችሁ መርምሩት። ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል የተሠራው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ርካሹ ምርመራ ይቀድማል፣ ገንዘብ የሚያስወጣው ይከተላል። አንዱ ደረጃ ላይ የወደቀ መኪና ወደሚቀጥለው አይለፍ።

1. ከመኪናው በፊት ሥራውን ወስኑ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ፋብሪካው 70 ፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ እዚህ 57 ገደማ ይዞ ነው የሚሄደው። ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስና ገበያ ለመውጣት ይህ ከበቂ በላይ ነው። አምስት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ፣ ኤሲ ከፍቶ ጎሃ ጽዮንን ለመውጣት ግን ያንሳል፤ በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ ይወጣል እንጂ አይመችም። በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ የሚሄድ ቤተሰብ 1.3 ወይም 1.5 ሊትር ያለውን ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ ቢፈልግ ይሻለዋል። ሱዙኪ ዲዛየር ባለ 1.2 ቢሆንም ቀላል ስለሆነች ከአንዳንድ 1.3 ሞተር እኩል ትወጣለች፤ ሻንጣ መጫኛዋም ከቪትዝ በእጅጉ ይሰፋል።

ኮሮላ ከወደዳችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገደማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተሠሩት ባለ 1.8 ሊትር ሞተሮች (1ዜድዜድ) ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ምክንያቱ ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ሆነው በካርቦን መደፈናቸው ነው። ፋሻ ብቻ መቀየር አያድነውም፤ ፒስተኑም አብሮ መቀየር አለበት። ከዚያ ዘመን ባለ 1.5 ሊትሩ (1ኤንዜድ) የተሻለ ምርጫ ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና? በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ ጥያቄው የግድ ይነሣል። ለከተማ ውሎ ኤሌክትሪክ በጣም ጥሩ ነው፤ ሜዳው ይስማማዋል። ግን ቤታችሁን አስቀድማችሁ ፈትሹ። በተራ ባለ 16 አምፔር ሶኬት 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 17 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በ32 አምፔር መስመር ግን 9 ሰዓት ገደማ። ለ32 አምፔር 6 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ፣ የራሱ ማቋረጫና በትክክል የተቀበረ የመሬት ሽቦ ያስፈልጋል። 2.5 ካሬ ገመድ ላይ በ32 አምፔር ሌሊቱን ሙሉ መሙላት ሶኬት ሊያቀልጥ ይችላል። ከቻይና የመጡት መኪኖች የመሙያ አፋቸው ከአውሮፓው ይለያልና ገመዱ አብሮ መኖሩን ሳታዩ አትክፈሉ። በረሃውን በኤሌክትሪክ መውጣት የራሱ ስሌት ስላለው የቀረው የዚህ ጽሑፍ ክፍል ስለ ቤንዚን መኪና ነው።

በጀታችሁን ስታወጡ ከጠቅላላ ገንዘባችሁ ከ10 እስከ 15 በመቶ ለመጀመሪያው ጥገና ለይታችሁ አስቀምጡ። ይህን ገንዘብ ለሻጩ የሰጠ ሰው መኪናውን በግማሽ ነው የገዛው።

2. ወረቀቱ

ሊብሬው ዋናው መሆን አለበት፤ ፎቶ ኮፒ ይዞ «ዋናው አዲስ አበባ ነው» የሚል ሻጭ ዋናውን እስኪያመጣ ድረስ ሻጭ አይደለም። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ቁጥሩ አካባቢ የብየዳ ምልክት፣ አዲስ ቀለም ወይም ወጣ ገባ የሆነ አሃዝ ካለ እዚያው ተሰናበቱ። ሞተር የተቀየረ ከሆነ ለውጡ ሊብሬው ላይ መመዝገብ አለበት።

ቀጥሎ መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ፋይሉ ባለበት ቦታ የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እገዳና ያልተከፈለ ቅጣት መኖሩን አረጋግጡ። ቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም፤ ይህን በቃል ሳይሆን በወረቀት እዩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛ ፊርማ፣ ካልሆነ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይቅረብ። ሻጩ ወኪል ከሆነ ውክልናው ውስጥ «መሸጥ» እና «ስም ማዛወር» የሚሉት ቃላት በግልጽ መኖራቸውን አንብቡ፤ ውክልናው አለመሻሩንም ከሰጠው ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የሦስተኛ ወገን መድንና ቦሎ ያለቀበት መኪና መግዛት ይቻላል። ሆኖም ቦሎው ያለፈው በስንፍና ነው ወይስ ምርመራውን ማለፍ አቅቶት የሚለውን በደረጃ 5 ታውቁታላችሁ።

3. ቀዝቃዛ ሞተር

የሙሉው ምርመራ ልብ ይህ ነው። ጠዋት ሂዱ፤ መኪናው ሌሊቱን የቆመ መሆን አለበት። መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቅ ካለ ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነው፤ «ነገ እመለሳለሁ» በሉ።

የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ (በቀዝቃዛ ሞተር ብቻ)። ውስጡ አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሮዝ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) መሆን አለበት። ዝገት የመሰለ ቡናማ ውኃ ካያችሁ ለዓመታት በተራ ውኃ ሲነዳ ኖሯል። ይህ ለምን እንደሚያሳስብ ላብራራ። በባሕር ዳር ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር የሚሠራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ውስጥ ስለሆነ ከመፍላት የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ 1.1 ባር የሚይዝ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ወደ 118 ዲግሪ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ የተሰነጠቀ ከሆነ ያ ጥበቃ የለም። ተራ ውኃ ደግሞ የአሉሚኒየሙን ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ይበላል፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች በድንጋይ መሳይ ቅርፊት ይደፍናል። ከተማ ውስጥ ይህ አይታይም፤ የሚታየው ዳገቱ ላይ ነው።

ውኃው ላይ የዘይት ፊልም ወይም የዘይት መክፈቻው ሥር ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ብላችሁ ጠርጥሩ።

አሁን ማስነሣት። ቁልፉን ሞተሩን ሳታስነሡ እስከ «ኦን» ብቻ አዙሩና ክሩስኮቱን እዩ። የሞተር፣ የዘይትና የኤርባግ መብራቶች መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ መጥፋት። ጨርሶ የማይበራ መብራት አምፖሉ ወጥቷል ወይም ተሸፍኗል ማለት ነው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ምክንያት አለው። ቁልፉ ብቻ በርቶ፣ ኤሲ ጠፍቶ ፋኑ ወዲያው መሽከርከር ከጀመረ ፋኑ «ዳይሬክት» ተቀጥሏል። ይህ ሲሞቅ የነበረ መኪና ላይ የሚደረግ ማስታገሻ ነው።

ሞተሩን አስነሡና ወደ ራዲያተሩ አናት የሚገባውን ወፍራም ቱቦ ያዙት። ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን የሚያግድ ቫልቭ) ያለው መኪና ይህ ቱቦ ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቴርሞስታቱ ይከፈትና ቱቦው በድንገት ይግላል። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጥሏል። ይህ ልማድ በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ ግን ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ቀዝቅዞ ስለሚሠራ ቤንዚን ይበላል፣ ፋሻውን ያስረጃል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተደፈነ ራዲያተርን ይደብቃል። ፋን ዳይሬክትና የወጣ ቴርሞስታት አንድ ላይ ካገኛችሁ ያ መኪና ሜዳ ላይ ብቻ እንዲኖር የተዘጋጀ ነው።

ክዳኑ ክፍት እንደሆነ ውኃውን ተመልከቱ። በመጀመሪያው ደቂቃ የተወሰነ አረፋ ይወጣል፣ ችግር የለውም። ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው አብሮ የሚጨምር፣ የማያቋርጥ ጥቃቅን አረፋ ግን ከሲሊንደር የሚያመልጥ ጋዝ ነው። ውኃው መሞቅ ሲጀምር ክዳኑን መልሳችሁ ዝጉ፤ ከዚያ በኋላ አትክፈቱት።

የማርሜታውን ጭስ እዩ። ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ነጭ እንፋሎት የተለመደ ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋና የሚጣፍጥ ሽታ ካለው ኩላንት እየነደደ ነው። ሰማያዊ ዘይት ነው፣ ጥቁር የቤንዚን ብዛት።

4. መሪውና ቦዲው

ብዙ ቪትዞች ለጃፓን ገበያ በቀኝ መሪ ተሠርተው በኋላ መሪያቸው የዞረ ናቸው። ማወቂያው ቀላል ነው። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አሃዝ ከሆነ ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው። «ኤስሲፒ10» ወይም «ኬኤስፒ90» በሚመስል መለያ ጀምሮ ከሰረዝ በኋላ 7 አሃዝ ካለው የጃፓን አገር ውስጥ መኪና ነውና መሪው ዞሯል። መሪው የዞረ መኪና ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ በንጽሕና የተሠራ ዘመናት ይነዳል። ግን የሚከተሉትን ካላያችሁ አትግዙ።

የድሮው መሪ ዘንግ ያለፈበት ቀዳዳ በቀኝ በኩል በላሜራና በሲሊኮን በደንብ መደፈኑን፤ ካልተደፈነ ክረምት ሲገባ የቀኙ ምንጣፍ ይረጥባል። ክሩስኮቱ ሥር የተጠማዘዘ፣ በተራ ቴፕ የታሰረ ሽቦ አለመኖሩን። የዝናብ መጥረጊያው በሾፌሩ በኩል ያለውን የመስታወት ማዕዘን ሳይጠርግ አለመቅረቱን። መብራቱንም ሲመሽ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቃችሁ አብሩት፤ የጃፓን ዝቅተኛ መብራት ወደ ግራ ከፍ ይላል፣ እኛ ግን በቀኝ ነውና የምንነዳው ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ላይ ያርፋል። ሌሊት ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ለሚመጣ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ፋኖሶቹ ለቀኝ መንገድ በተሠሩ መቀየር አለባቸው።

ለስቱኮ (የተጎዳ ቦዲ መሙያ ልጥፍ) ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹንና ፓራፋንጎዎቹን አስነኩት፤ የማይይዝበት ቦታ ሥር ስቱኮ አለ። የበሮችና የኮፈን ብሎኖች ቀለማቸው የተላጠ ከሆነ ተፈትተው ነበር።

ውኃ የገባበት መኪና እዚህ አካባቢ እውነተኛ ስጋት ነው። የፎገራ ሜዳ በክረምት ይጥለቀለቃል፣ የሐይቁ ዳርም እንዲሁ። የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡ፤ ጫፉ ላይ የጭቃ መስመር ካለ ውኃው እስከዚያ ደርሷል። ምንጣፉን ገልጣችሁ ሽቱት፣ የመቀመጫውን ሐዲድና የስኮርታውን ጉድጓድ እዩ።

5. ከሥር

ጉድጓድ ወይም ሊፍት ያለው፣ ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ ጋራዥ ምረጡ። የፊቱን ጎማ በክሪክ አንሥታችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፤ የሚላወስ ከሆነ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት ነው። ግራና ቀኝ ይዛችሁ ስትነቀንቁ የሚላወስ ከሆነ ቴስቲናው (የመሪው ዘንግ ጫፍ) ነው። የአክስሉ ጎማ ሽፋን የተቀደደ ከሆነ ግሪሱ ወጥቶ አቧራ ገብቷል፤ መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ ስትነዱ ቀጭ ቀጭ ይላል። የፍሬን ሸራው ከ3 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ይቀየራል።

ጎማው ጎን ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት አሃዞች አንብቡ። 2319 ማለት በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። ከ6 ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም በበረሃው ሙቀት ሊፈነዳ ይችላል።

6. መንገድ ላይ

መጀመሪያ ኮብልስቶን። ሬዲዮ አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ንዱ። ደረቅ ኳ ኳ የሾክ አብዞርበር ወይም የማረጋጊያ ዘንግ ነው፤ ርካሽ ጥገና ስለሆነ አያስደንግጣችሁ። ከዚያ አስፋልት፦ በ60 ላይ ባዶ መንገድ ስታገኙ መሪውን ለቀቅ አድርጋችሁ ፍሬን ያዙ፤ ወደ አንድ ጎን ከጎተተ አንዱ ፍሬን አይሠራም።

ከዚያ ዓባይን ተሻግራችሁ ወደ ቤዛዊት ዳገት። ከተማዋ ያላት እውነተኛ ፈተና ይህ ነው፤ ሳይጠቀሙበት መግዛት ያሳዝናል። ኤሲ ከፍታችሁ በሁለተኛ ማርሽ ውጡ፤ ሻጩን ጨምሮ አራት ሰው ጫኑ። የሙቀት ጠቋሚው ከመሃል መነቃነቅ የለበትም። ማኑዋል ከሆነ ዳገቱ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስጡ፤ የሞተሩ ድምፅ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ይንሸራተታል። አውቶማቲክ ከሆነ የካምቢዮውን ዘይት ሽቱ፤ የተቃጠለ ሽታና ጥቁር ቀለም ካለው አትግዙ፣ ዘይት መቀየር አያድነውም።

ስትወርዱ በሁለተኛ ማርሽ እግራችሁን ከነዳጅ አንሡ፤ ታች ስትደርሱ በድንገት ርገጡና በመስታወት ወደኋላ እዩ። ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ የቫልቭ ላስቲኮች አልቀዋል። ከዚያ አቁማችሁ ኤሲ እንደበራ 10 ደቂቃ ሞተሩን ተዉት። ፋኑ መሥራት አለበት።

7. ዋጋ

የሚቀየሩትን ነገሮች ዝርዝር በመለዋወጫ ሱቅ ዋጋ አስገምቱና ድምሩን ከሻጩ ዋጋ ላይ ቀንሱ። የደላላው ኮሚሽን በማን እንደሚከፈል አስቀድማችሁ ተስማሙ። ቀብድ ከከፈላችሁ ምስክር ያለበት ጽሑፍ ይኑር። ቀሪው ገንዘብ ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ውሉ ሲፈረም በባንክ ይተላለፍ።

8. የመጀመሪያው ሳምንት

ሻጩ «ሰርቪስ ገና አሁን ነው ያደረግሁት» ቢልም እንደ አዲስ ጀምሩ። ባለ 1.5 ሊትሩ የቶዮታ ሞተር ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ዘይት ይወስዳል፤ 5ደብሊው-30 ወይም 10ደብሊው-30 ይበቃል፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር። አራቱ ካንዴላዎች አብረው ይቀየሩ። የአየር ፊልትሮውን በኮሮኮንች ለምትነዱ በየሁለተኛው ሰርቪስ ቀይሩት። ሞተሩ በሰንሰለት ፈንታ በቺንጊያ (በታይሚንግ ቀበቶ) የሚሠራ የቆየ ኮሮላ ከሆነና የተቀየረበት ቀን በወረቀት ካልታየ ጊዜ አትስጡት፤ ልኩ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ባለ ሰንሰለቱ ይህ አያስፈልገውም።

ማቀዝቀዣው ሙሉ በሙሉ ይታጠብ፣ አዲስ ቴርሞስታትና አዲስ ክዳን ይግባለት፣ ፋኑ ወደ ፋብሪካው አሠራር ይመለስ። ኩላንቱ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውኃ ጋር ይደባለቅ፤ ለትናንሽ መኪኖች በጠቅላላው 5 ሊትር ገደማ ነው። የጉድጓድም የሐይቅም ውኃ አትጨምሩ።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት የጠጣው ግን በ155 ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉም እስከ ወለል ይሰምጣል። 1 ሊትር ገዝታችሁ አራቱም ጎማ ላይ ንጹሕ እስኪወጣ ይቀየር፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ።

ነዳጅ ጠፍቶ ከጀሪካን ለመግዛት ከተገደዳችሁ ጥቂቱን በብርጭቆ ጠርሙስ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ውኃ ካለው ከታች መስመር ሠርቶ ይለያል።

9. በረሃውን መውረድና መውጣት

ከመነሣታችሁ በፊት ጎማውን ሾፌሩ በር ላይ በተጻፈው ልክ ንፉ፤ ለአብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች 32 ወይም 33 ፒኤስአይ ነው። 5 ሊትር ንጹሕ ውኃ ያዙ። በክረምት የበረሃው መንገድ ይሰነጠቃል፣ አንዳንድ ቦታም ይሰምጣልና በጨለማ አትውረዱ።

ደጀንን እንዳለፋችሁ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ። ደንቡ በሚወጡበት ማርሽ መውረድ ነው፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ኤል ወይም 2። ኖትራ አድርጎ መውረድ ነዳጅ አይቆጥብም፤ የመርፌ (ኢንጀክሽን) ሞተር በማርሽ ሲወርድ ነዳጅ ያቋርጣል። ፍሬኑን እየነኩ አትውረዱ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና ሙሉ በሙሉ ልቀቁት፣ እንዲቀዘቅዝ። ፔዳሉ መለስለስ ከጀመረ ማርሽ ቀንሳችሁ ከመንገዱ ውጡና ግማሽ ሰዓት ቁሙ። የጋለ ዲስክ ላይ ውኃ አታፍሱ፤ ይጣመማል።

ዳገቱ ላይ ጠቋሚው ከመሃል ሲያልፍ ኤሲውን አጥፉ፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ መስኮቶቹን አውርዱ። ማሞቂያው ሁለተኛ ራዲያተር ነው፤ ሰው ይሞቃል፣ ቴስታታ ግን ይድናል። ካልወረደ ሜዳ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙና ሞተሩን ሳታጠፉ ፋኑ እንዲሠራ አድርጉ። ቀይ ከገባ ወይም እንፋሎት ከታየ ብቻ አጥፉት፤ ክዳኑንም ከ45 ደቂቃ በፊት አትንኩ።

ጎሃ ጽዮን ስትደርሱ ቁሙ። እጃችሁን ወደ አራቱም ቸርኬዎች ጠጋ አድርጉ። የፊቶቹ እኩል፣ የኋላዎቹም እኩል መሞቅ አለባቸው። አንዱ ከጓደኛው ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ እዚያ ጎማ ላይ ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው፤ ፍቼ ላይ አስፈትሹት።